ባትሪ በጋሪ ይሄድ በነበረበት ዘመን

ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ትናንት እኛ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ተማክረን ቦቴ አስመጣን። ማስመጣታችን ባልከፋ፤ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ግን ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወረደ። ሴቶች በዚህ፣ ወንዶች በዚያ፣ ሕፃን ያላችሁ ወዲህ፣ አራተኛ ፎቅ ያላችሁ ቆዩ እያለ ሰዉን ሲያተራምሰው፣ ከቦቴው ከወጣው ውሃ ግማሹን መሬት ጠጣው። አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ "አባባ፣ ተራዎን ይያዙ እንጂ" ብሎ ጮኸብኝ። ተራዬን ይዤ ነበር። ልመልስለት አፌን ስከፍት፣ ፀሐይ ያጋለው የውሃ ጎማና የናፍጣ ሽታ ተቀላቅሎ መጣና መልሴን ረሳሁት። ያን ሽታ ከአንድ ከተማ በቀር የትም አላውቀውም። ጀሪካኔን እንደያዝኩ ጅግጅጋ ደረስኩ፤ እዚያ ስደርስም መጀመሪያ የተሰማኝ ናፍቆት ሳይሆን ንዴት ነው። ያ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቦቴዎች ስምሪት ሹም ነበርኩ። የትኛው ሾፌር፣ የትኛውን መኪና ይዞ፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት ይሂድ የሚለውን የማዝዘው እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ ስመደብ እናቴ ጦር ሜዳ የምሄድ መስሏት አልቅሳ ነበር፤ ጦርነቱ ግን ካለፈ ቆይቷል፤ የተረፈው በየግድግዳው ያለው የጥይት ቀዳዳና ካራማራ ላይ የዛገው ብረት ነው። ከተማዋ በአቧራ ተጀምራ በአቧራ የምታልቅ ነበረች። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የጋሪ ተራው ይጠፋና የፈረሶቹ ቃጭል ብቻ ይሰማል። እኛ ከመሀል አገር የመጣነው ካኪ ሱሪና ሸራ ጫማ ለብሰን እንኩራራለን፤ ጥቂት ወራት ሳንቆይ ግን ቤታችን ስንገባ ሁላችንም ሽርጥ አገልዳሚ ሆነን ቀረን። አዲስ አበባ ስኳር በቀበሌ ሰልፍ በሚታደልበት ጊዜ፣ ጅግጅጋ የግመል ወተት የገባበት ሻሂ በስሙኒ ይጠጣል፤ ስኳሩ ማንኪያ ያቆም ነበር። ቴፑ፣ ሽቶው፣ የእጅ ሰዓቱ፣ ስሙን የማናውቀው ብስኩት ሁሉ በጠረፍ በኩል ይገባል። "ፊናንስ መጣ" የተባለ እንደሆነ ገበያው በአንድ አፍታ ተጠቅልሎ ይጠፋና፣ የጉምሩክ ፖሊሱ ሻሂውን ጠጥቶ ሲሄድ ተመልሶ ይዘረጋል። ከአንዱ ሻሂ ቤት የሱማሌ ዑድ፣ ከጎኑ ካለው ደግሞ የእኛ ክራር ይንቆረቆራል፤ መሀል መንገዱ ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል። ካሴት ስገዛ የኖርኩት ያን ድብልቅ ለማግኘት ነው፤ አላገኘሁትም።

ከዚያ፣ ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ያባረረው ሕዝብ ተሻግሮ ሐርተሼክ ሜዳ ላይ ሰፈረ። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ላይ አይቼ አላውቅም። ሐርተሼክ ደግሞ ዝናብ ካልጣለ ጠብታ ውሃ የለም፤ ስለዚህ የእኛ ቦቴዎች ከጅግጅጋ ጉድጓድ እየሞሉ ያን ኮረኮንች መንገድ ይወርዳሉ። ጠዋት ከደረሱ ሰዉ ይጠጣል፣ ያበስላል፣ ይታጠባል። ካረፈዱ ደግሞ እናቶች ጀሪካን ደርድረው፣ ሕፃን ጋርባሳር በሚሉት ሰፊ ሻሻቸው ሸፍነው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አብሬ ሄጄ እኩለ ቀን ላይ ስንደርስ፣ ሁለት ሴቶች ሰልፉ ላይ ተዘርረው አገኘናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓቴን ማየት በሽታ ሆነብኝ።

ቦቴዎቻችን ግን ጠዋት አይነሱም። ምክንያቱ ባትሪ ነው። በዚያ ዘመን ጥሩ ባትሪ ማግኘት ጥሩ ሚስት ከማግኘት ይከብዳል ይባል ነበር። ግቢ ውስጥ ያደረ ባትሪ አይገኝም። ሌባው ከውጭ አይመጣም፤ ባትሪው የደከመበት ሾፌር የጓደኛውን ነቅሎ የራሱን ይተካል፣ መካኒኩም ለሌላ መኪና ብሎ ይፈታል። ስለዚህ ሾፌር ሁሉ ከሥራ ሲወጣ ባትሪውን ይፈታል፣ በጋሪ ይጭናል፣ ቤቱ ወስዶ አልጋው ሥር ያስገባል። ጠዋት ጋሪ ፈልጎ፣ ተከራክሮ፣ ጭኖ፣ መጥቶ፣ ገጥሞ፣ እስኪያስነሳ ረፋዱ ይጋመሳል። እንግዳ ሰው ማለዳ የጅግጅጋን መንገድ ቢያይ ባትሪ በጋሪ ለሽርሽር የሚወጣበት አገር የመጣ ይመስለው ነበር።

እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? ሥራዬን። አዘዝኩ። ባትሪ ከግቢ እንዳይወጣ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ ሁሉም አንብበው እሺ አሉኝ። "እሺ ይበልጣል ከሺ" ያለው ሰው የጅግጅጋን ሾፌር እሺታ ሳያይ የሞተ መሆን አለበት። ዘበኛ ጨመርኩ፤ ዘበኛው ጋሪዎቹ እንዲያልፉ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትላቸዋል። ደመወዝ እቆርጣለሁ ብዬ ዛትኩ፤ ባትሪው ከጠፋ ሥራውም ደመወዙም የለም አሉኝ። በዚህ መሀል ነው አዲሱ ኃላፊያችን አቶ ተካ የመጡት። አጭር፣ ራሰ በራ፣ በዚያ ሙቀት ቡኒ ሹራብ የማያወልቁ፣ ድሮ አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ገና ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ፣ ከእርስዎ ጠንካራ ትእዛዝ ያስፈልጋል አልኳቸው። አንተ አዘህ አይተኸዋል አይደል ወይ ሲሉኝ፣ አዎ አልኩ። እኔ ባዝዝ በምን ይለያል ሲሉኝ፣ እርስዎ ኃላፊ ነዎታ አልኩ። ሳቁ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉና ሠራተኛው እንዲሰበሰብ ነገሩኝ።

ስብሰባው የሚረሳ አይደለም። አቶ ተካ ተነሥተው ባትሪውን ምን ብናደርግ እንደሚሻል እኔ አላውቅም፣ እናንተ ንገሩኝ አሉ። እጁን ያነሣ ሰው የለም። የዛሬ ልጆች አይገባቸውም፤ በዚያ ዘመን አንድ ኃላፊ "ሐሳባችሁን ስጡ" ካለ ወጥመድ ነው። የማያውቅ ኃላፊማ ጭራሽ የለም፤ አላውቅም ካለ የሚያውቀው ነገር ብዙ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ የመካኒኮቹ አለቃ ጋሽ ወልዴ ተነሣ። አያቱ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሱም ጅግጅጋ ተወልዶ ያደገ፣ ሱማሌኛው ከአማርኛው የሚፈጥን ሰው ነው። ቆቡን አወለቀና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ግለ ሂስ አደረገ። ሁለት ቀን አርፍጃለሁ፣ የሥራ ቱታ ለብሼ ሠርግ ሄጃለሁ፣ ንቃቴም ዝቅተኛ ነው አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ተነሣ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። አቶ ተካ ኧረ ቁጭ በሉ እያሉ ቢለምኑ የሚሰማቸው ጠፋ። እስከ ምሳ ድረስ ጋራዡ በሙሉ ግለ ሂስ አድርጎ ተጨበጨበ፤ ባትሪ የሚል ቃል አንድም ሰው አፍ አልወጣም። እኔም ተራዬ ሲደርስ ተነሥቻለሁ፣ ምን ላድርግ።

ሌላ መንገድ አለ ያለው አዴር ፋራህ ነው። አዴር ማለት በሱማሌኛ አጎት ማለት ሲሆን፣ ፋራህ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ በዕድሜ ከሾፌሮቹ ሁሉ የሚበልጥ ሰው ነበር። ኃላፊውንም ዘበኛውንም እኩል አንተ ይላል፤ እኛም እሱን አንተ እንለዋለን። ለአቶ ተካ፣ አዳራሽ ውስጥ ሰው አይናገርም፣ ከምሳ በኋላ በርጫችን ላይ ና አላቸው። ሄዱ፤ እኔም እየተነጫነጭኩ ተከተልኳቸው። ፍራሹ ተነጥፏል፣ ትራሱ ተደርድሯል፣ ጫቱ እርጥብ ነው፣ ሻሂው በቴርሞስ ይቀዳል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ምርቃናው ሲመጣ ግን እንዴት ያለ ንግግር መሰላችሁ። ባትሪው ግቢ ያድራል ብቻ አይደለም፤ ቦቴዎቹ አዲስ ቀለም ይቀባሉ፣ የሐርተሼክ መንገድ አስፋልት ይነጠፍበታል፣ አንደኛው ሾፌርማ ቧንቧ ዘርግቶ ውሃውን እስከ ሩቁ አይሻ ድረስ አደረሰው። ሁሉም ማሉ። በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ባትሪዎቹ እንደ ልማዳቸው በጋሪ መጡ። ትናንት ያላችሁትስ ብላቸው፣ "ያ እኮ የምርቃና ነው" ብለው አዘኑልኝ።

ነግሬዎት አልነበረም ወይ ብዬ አቶ ተካ ቢሮ ገባሁ። እሳቸው ደስ ብሏቸዋል! "ከቀትር በኋላ ሁሉም ይስማማል" አሉኝ። "ጠዋት ደግሞ የማይስማሙበትን እንስማ።" ሰው ጫት ሳይዝ፣ አፉ ደርቆ፣ ሁሉም ነገር በሚያስጠላው ሰዓት አቶ ተካ ግቢው ውስጥ ሠራተኞቹን ያነጋግሩ ጀመር። ከፊት አይቆሙም፤ ከጎማ ላይ ይቀመጡና ያዳምጣሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

በዚያው ሰሞን ከበላይ አንድ ጓድ መጡ። ረጅም፣ ሁልጊዜ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። ቢሮ ውስጥ እኔ ባለሁበት ለአቶ ተካ ቁርጡን ነገሯቸው፤ ሱማሌዎቹ ጂላል የሚሉት ደረቅ ወቅት ሳያልቅ ውሃው ጠዋት ጠዋት ሐርተሼክ ካልገባ፣ ጋራዡን የጦር መኮንን ይረከበዋል፤ የማይታዘዝ ሾፌርም ወደ ሰሜን ግንባር ይሄዳል፣ እዚያም ሾፌር ይፈለጋል አሉ። ከወጡ በኋላ፣ ይኸን ለሾፌሮቹ ይንገሯቸውና ባትሪውን ዛሬውኑ ይተዉታል አልኩ። አቶ ተካ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፈርቶ የተወ ሰው ፍርሃቱ ሲያልፍለት መልሶ ይወስደዋል" አሉ። ያኔ ነደደኝ። ግንባር የሚሄዱት እነሱ ናቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ ሊያውቁት አይገባም ወይ ብዬ ጮህኩ። ልክ ነህ አሉኝ። በማግስቱ የሰሙትን ሁሉ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሯቸውና እንደገና ጎማው ላይ ተቀመጡ። ተሰማሁ ብዬ እንኳ አልተደሰትኩም፤ ምክንያቱም እኔን የሰሙኝ ልክ ያን የአይሻ ቧንቧ የዘረጋውን ሾፌር እንደሰሙት ነው።

ጭቅጭቁ ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። አዴር ፋራህ መግ የሚባለውን የሱማሌ ወግ አመጣ፤ አንድ ሰው ያጠፋውን ዘመዱ ሁሉ በጋራ ይክሳል። እኛም እንደዚያ እንሁን፣ ባትሪ ከጠፋ ሾፌሩም መካኒኩም ሁላችንም እንተካለን አለ። የመሀል አገር ሾፌሮች፣ ያልሰረቅነውን ለምን እንተካለን ብለው ተነሡ። ጋሽ ወልዴ ደግሞ መካኒክ ሌባ ነው ልትሉ ነው ብሎ ቱታውን አውልቆ ሊሄድ ሲል ሰው ያዘው። አንዱ የዘመድ ካሣ ለዘመድ ነው፣ እኛ ምን ዘመዶች ነን ይላል፤ ሌላው ጎማ ሲፈነዳ መንገድ ላይ አብሮኝ የሚያድር ዘመዴ ሳይሆን አንተ ነህ ይላል። በሱማሌኛ ይጀምራሉ፣ በአማርኛ ይሰዳደባሉ፣ በኦሮምኛ ይታረቃሉ። በማግስቱ እንደገና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ ድሩ ለማበር ስንት ጠዋት እንደሚጨቃጨቅ ግን ተረቱ አይናገርም። ፀሐይዋ ከፍ ትላለች፣ ሐርተሼክ ሰልፍ አለ፣ አቶ ተካ ጎማ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን በመፋቂያ ይፍቃሉ። አንድ ቃል ይበሉ ብዬ ለመንኳቸው። ገና አልጨረሱም አሉኝ።

ተስማምተናል ያለ ሰውም አልነበረም። እጅ አልወጣም፣ አልተጨበጨበም። አንድ ቀን ከሥራ መውጫ ላይ ሁሉም ባትሪውን ሲፈታ፣ አዴር ፋራህ ሽርጡን አጥብቆ ከመኪናው ወረደና ወደ ጋሽ ወልዴ ሄደ። ከሁሉም በላይ የሚጠረጥረው እሱን እንደሆነ ከተማው ያውቃል። "ወልዴ፣ ባትሪዬ እዚያው አለ። አማና ነው፣ አደራ" አለው። ጋሪም ሳይጠራ በእግሩ ቤቱ ሄደ። ጋሽ ወልዴ ፊቱ ቀልቶ ቆመ፤ የተሰደበ ነው ወይስ የተከበረ፣ ለራሱም የገባው አይመስለኝም። ጠዋት ባትሪው ቦታው ላይ ነበር። አዴር ፋራህ ቁልፉን አዙሮ፣ ሌላው ጋሪ ሲፈልግ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ወጥቶ ሄደ። በማግስቱ ሁለት ሌሎች ተዉ። ከዚያ ሌሎች። ባለጋሪዎቹ መጥተው አቶ ተካን ከሰሷቸው፤ እንጀራችንን ዘጋህብን አሉ።

ከዚያም አንድ ጠዋት አንድ ባትሪ ጠፋ። ይኸው አለቀልን አልኩ። ፖሊስ ልጠራ ስነሣ አቶ ተካ ትንሽ እንቆይ አሉኝ። እንቆይ! እኔ ግቢው ውስጥ ስንቆራጠጥ፣ ሾፌሮቹም መካኒኮቹም ማንም ሳይልካቸው ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ከተማ ወጡ። ምን እንዳደረጉ፣ ማንን እንዳናገሩ አላውቅም። ምሳ ሳይደርስ ባትሪው ቦታው ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ማን ወሰደው፣ ማን መለሰው ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አዴር ፋራህ፣ ተመልሶ የለ፣ ምን ያደርግልሃል አለኝ። ዛሬም ቢሆን ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።

አምና ልጄ መሥሪያ ቤቷ ልኳት ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ስልጠና ወስዳ ነበር። ሰርተፍኬት ይዛ መጣችና፣ አባዬ፣ አሁን እኮ ሰው በትእዛዝ አይመራም ብላ ክብና ቀስት የበዛበት ሥዕል አሳየችኝ። አየሁት። እኔ የማውቀው ሰውዬ ሥዕል አልሣለም፤ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነው ዕድሜዬን ያሳጠረው አልኳት። እነሱ ምሳ ሰዓት የሚያህል የቡና ዕረፍት እየወሰዱ፣ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው ስለ ትዕግሥት ተማሩ። እኔ ትዕግሥት የተማርኩት ሐርተሼክ ላይ ሰው ተጠምቶ እያለ ነው፤ በደንብም አልተማርኩትም። ልጄ ሳቀች፤ የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ ያን ስልጠና እንዲወስዱ ሁሉንም ያዘዟቸው በጥብቅ ትእዛዝ ነው።

ጂላሉ ሊያልቅ ሲል፣ ጓዱ ሳይነግሩን በማለዳ በጂፕ ከተፍ አሉ። እኔ የዕለቱን ስምሪት ይዤ ገና መድረሴ ነው። ግቢው ባዶ ነው። አንድም ቦቴ የለም። ወዴት እንደሚሄዱ ያላዘዝኳቸው ሾፌሮች እርስ በርሳቸው ተነጋግረው፣ ደካማውን መኪና ከጠንካራው አጣምረው፣ ጠዋት የሚነሳውንና የሚጠብቀውን ለይተው ሄደዋል። አቶ ተካ ከዘበኛው ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሻሂ ይጠጣሉ።

"ማን አዘዛቸው?" አሉ ጓዱ።

ዘበኛው እኔን አየ። እኔ አቶ ተካን አየሁ።

"ማንም አላዘዛቸውም" አሉ አቶ ተካ።

"ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?"

የአቶ ተካን እግር ረገጥኩ። ሰውየው ግን አልዋሹም። "ያን ያህል ምንም" አሉ።

ጓዱ መነጽራቸውን አውልቀው ባዶውን ግቢ ዞሩት። ከዚያ በጂፑ ሐርተሼክ ድረስ ሄደው ውሃው ሲቀዳ አይተው ተመለሱ። ሳምንት ሳይሞላ በሬዲዮ መልእክት መጣ። የጦር መኮንኑ ቀርቷል፣ ከሾፌሮቹም ግንባር የሚሄድ የለም። አቶ ተካ ደግሞ ወደ ደገሀቡር ተዛውረዋል፤ ያለ አዛዥ ለሚሠራ ቤት ኃላፊ ማስቀመጥ ብክነት ነው ተብሏል። ሰው ሥራውን ስላሳካ የሚባረርበት አገር! ልጩህልዎ፣ ልጻፍልዎ አልኳቸው። ሻንጣቸውን እያሰሩ፣ ደገሀቡር የፍየል ሥጋው ጥሩ ነው ይላሉ አሉኝ።

ከመሄዳቸው በፊት ባለው ቀን ሁሉንም አንድ በአንድ ዞሬ፣ ነገ በማለዳ በጭነት መኪና ይሄዳሉና ሸኟቸው አልኩ። ሁሉም እሺ አሉኝ። ጠዋት መኪና መነሻው ላይ እሳቸው፣ ሻንጣቸውና እኔ ብቻ ቆምን። ጠበቅን። ሰው የለም። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አሁንም ሰው የለም። አፈርኩላቸው፤ እንባዬም መጣ፤ ያን ሁሉ ጠዋት ጎማ ላይ የተቀመጡላቸው ሰዎች አንዴ እጅ ሊነሷቸው አልቻሉም ወይ ብዬ መራገም ጀመርኩ። አቶ ተካ ግን ወደ ምሥራቅ ዞረው፣ ሹራባቸውን እየጎተቱ ሐርተሼክ የሚወስደውን መንገድ ያያሉ። ከሩቅ፣ ተራ በተራ፣ የቦቴዎቹ አቧራ ይነሣል። እንዲህ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ ያየሁት ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጊዜ ነው።

"አልዘገዩም" አሉ። ጋቢናው ውስጥ ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ በመስኮቱ ብቅ አሉና፣ አንድ ነገር ድንገት እንዳሰቡ ሁሉ ጠየቁኝ። "አንተ ግን በሥራ ሰዓት እንዴት ልትመጣ ቻልክ?"

ከመሥሪያ ቤታችን በዚያች ሰዓት ሥራ የሌለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።